ያለውን የለም የሚል ማሽን

«የሽማግሌው ሒሳብ እኮ አበቃለት» ይላል ኃላፊው በስልክ፤ የቢሮው በር ገርበብ ብሏል። «ቅዳሜ ሰርቨሩን ስንቀይር አብሮ ሞተ። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ የእናንተን ፕሮግራም እንከፍታለን። ለቦርዱ የምጽፈውም ያው ነው፤ ባለሙያው ጥለውት የሄዱት ያረጀ ሥራ ነው ጉድ የሠራን እላለሁ። እሳቸው እንደሆኑ ጡረታ ወጥተዋል፤ ማን መጥቶ ይከራከረኛል?» አለና ከት ብሎ ሳቀ።

ጠጋኟ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ኮሪደሩ ላይ ደርቃ ቀረች። አሳንሰሩ ከተበላሸ ወር ስላለፈው አራት ፎቅ በእግሯ ወጥታ ትንፋሿ ገና አልተመለሰላትም ነበር፤ ይህን ስትሰማ ደግሞ ጭራሹን ጠፋ። በከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ጻፊ ነች። ጠጋኟ የሚለውን ስም ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ሌላው ጽፎ ጥሎት የሄደውን ፕሮግራም ሁሉ ስትጠግን ስለምትውል። «ሽማግሌው» የተባሉት አጎቷ ናቸው፤ የእናቷ ወንድም፣ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት፣ ዛሬም ሁለት መኝታ ባለው አፓርታማ ውስጥ አብረዋት የሚኖሩ።

አብረው ይኖራሉ እንጂ አይነጋገሩም። ከስምንት ወር በፊት እዚያው ቢሮ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ፣ አጎቷ ጊዜያቸው ሁለት ዓመት ሲቀረው ጡረታ እንዲወጡ ሲወሰን፣ ሥራቸውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች። ኃላፊው «አስተያየት ያለው?» ብሎ ዙሪያውን ሲቃኝ እሷ የእስክሪብቶዋን ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አጎቷ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋትና ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚሰማው «ጨው አልቋል»፣ «የመብራት ሰው መጥቶ ነበር»፣ «በሩን ቆልፊው» ብቻ ነው። ማታ ማታ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ዜና ያያሉ። ዜናው ሲያልቅ አጎቷ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ዛሬስ ሊናገሩ ነው ብላ ዞር ስትል «ደህና እደሪ» ብለው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። እሷም ስንት ጊዜ ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘግታዋለች።

አጎቷ ሠላሳ ዓመት የለፉበት ሒሳብ ሲነገር ቀላል ነው። ከተማው ውሃ አይበቃውም፤ ስለዚህ ለየሰፈሩ በሰዓት ይከፋፈላል። ወንዙ ዳር ያለው ሰፈር ምንም ሰዓት ቢደርሰው ይፈስለታል፤ ኮረብታው ላይ ያለው ግን ግፊቱ ከፍ በሚልበት ሰዓት ካልተሰጠው አንድ ጠብታ አይወጣለትም። የአጎቷ ሒሳብ የማጠራቀሚያውን ልክ፣ የፓምፖቹን ጉልበትና የሰፈሮቹን ከፍታ አገናዝቦ የትኛው ቫልቭ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ በየቀኑ ያወጣል። ኃላፊው በስልክ የሚያነጋግረው ሻጭ ያመጣው አዲሱ ፕሮግራም መልኩ ያምራል፣ ቀለሙ ያምራል፤ ክፍፍሉን የሚያወጣው ግን ሰፈሩ ባለፈው ወር ከተጠቀመው ተነሥቶ ነው። ብዙ ያገኘ ብዙ ይጨመርለታል፤ ትንሽ ያገኘ ትንሽ ይበቃዋል ማለት ነው። ኮረብታው ላይ ደግሞ ውሃ በመኪና የሚያመላልሱ ነጋዴዎች አንዱን በርሜል በቀን ሠራተኛ የሁለት ቀን ደሞዝ ይሸጡታል።

በሩን በርግዳ ልትገባ እጇን ዘርግታ ነበር። ከዚያ እጇን ሰበሰበች። ብትጮህ ምን ልታመጣ ነው? ማሽኑ ቆሟል፤ የቆመ ማሽን ይዞ መከራከር አይቻልም። ሰዓቷን አየች፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሩብ የቀረው ጊዜ አላት። ይበቃኛል፣ አለች በልቧ፤ እንዲያውም ይተርፈኛል።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከመንገዱ ደረጃ ጋር ስለሚተካከል የሚታየው የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው። ተረኛዋ፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ ፀጉሯ የሸበተ ወፍራም ሴት፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮዋ ይዛ ቫልቭ የሚከፍቱ ሰዎችን ታዛለች። ጠረጴዛዋ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተደርድሯል። ችኩሉ የሚሉት ወጣቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ጥግ ላይ ተቀምጦ ዐይኑን ያሻል። ሰርቨሩን፣ ፕሮግራሞቹ የሚሠሩበትን ዋና ኮምፒውተር፣ የቀየረው እሱ ነው።

«ሦስት ጊዜ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፤ ወይ ፍንክች» አላት ገና ሳትቀመጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫልቮቹን የሚያዘው ዋናው ፕሮግራም የተጻፈው በሲ ቋንቋ ነው፤ የአጎቷ ሒሳብ ደግሞ በፓይተን። ከአራት ዓመት በፊት ጠጋኟ ሁለቱን ያገናኘቻቸው አንዱን ቋንቋ በሌላው ሆድ ውስጥ አስገብታ ነው። ዋናው ፕሮግራም ሲነሣ የፓይተንን ላይብረሪ፣ ቋንቋውን የሚተረጉምለትን ፋይል፣ ከዲስኩ ላይ ፈልጎ ይጭናል፤ ከዚያ በዚያ በኩል የዕለቱን ሒሳብ ይጠይቃል። ላይብረሪው ካልተጫነለት አስተርጓሚ እንዳጣ እንግዳ አፉን ይዞ ይቀራል። ቅዳሜ የሆነውም ይኸው ነው። ስክሪኑ ላይ ‹የጋራ ላይብረሪውን መክፈት አልተቻለም፤ እንዲህ ያለ ፋይል የለም› የሚል ቀይ መስመር ተጋድሟል።

«ፋይሉ አለ?» አለች ጠጋኟ።

«አለ እንጂ! ይኸው እዚህ ተጎልቶ። ያለውን የለም የሚል ማሽን ምን ይደረጋል?»

«አልዋሸህም። እኔ በፈለግሁበት ቦታ የለም ነው ያለህ። ፋይሉ የት እንዳለ አንተ ታውቃለህ፤ ለእሱስ ማን ነገረው?»

ፕሮግራሙን በራሷ መለያ ገብታ በእጇ አስነሣችው። ቀዩ መስመር አልመጣም፤ ላይብረሪው ተጫነ። ሰርቨሩ ራሱ እንዲያስነሣው ስታደርግ ግን ያው ‹የለም› መጣ። ችኩሉ ወንበሩን ጎተተና አጠገቧ ተቀመጠ። አንድ ሰው መለያውን ከፍቶ ሲገባ የላይብረሪዎቹ አድራሻ አብሮት እንደሚገባ፣ ሰርቨሩ በራሱ የሚያስነሣው ፕሮግራም ግን ባዶ እጁን እንደሚነሣ፣ በአሮጌው ሰርቨር ላይ አንድ ሰው ያቺን አድራሻ ጽፎለት እንደነበርና በአዲሱ ላይ እንደተዘነጋች እያሳየች ነገረችው። አድራሻውን ማሽኑ ሁሌም በሚያየው ዝርዝር ውስጥ አስገባችና ዝርዝሩን አሳደሰችው። ከዚያ ሰርቨሩን ዘግተው ከፈቱት። ቀዩ መስመር የለም። ችኩሉ ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሣ ሌላ ቀይ መስመር ብቅ አለ፤ ‹ያልታወቀ ስም›።

በዚህ መሐል ከተረኛዋ ስልኮች አንዱ ጮኸ። የኮረብታው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነበረች፤ ድምጿ ክፍሉን ሞላው።

«እናንተ ሰዎች ምን ሆናችኋል? ቅዳሜና እሑድ አምስት ሴት አዋልጃለሁ፣ ውሃ ከመኪና እየገዛሁ። ዛሬ ሦስት ምጥ ላይ ናቸው። እጄን በምን ልታጠብ፣ በምራቄ?»

«እቴ፣ ሰው ልኬ ቫልቩን አስከፍቼልሽ ነበር፤ ግፊቱ አልወጣ አለ እኮ» አለች ተረኛዋ፣ ዐይኗን ከጠጋኟ ሳትነቅል። «ለስንት ሰዓት ልበላት?»

«አሥር ሰዓት ላይ እንከፍታለን በያት» አለች ጠጋኟ። ድምጿ ውስጥ ጥርጣሬ አለመኖሩ ራሷንም ገረማት።

ችኩሉ ለአራተኛ ጊዜ አጥፍቶ ሊጭነው እጁን ሲሰድ «እባክህ፣ እጅህን ከኪቦርዱ ላይ አንሣልኝ» አለችው። የአጎቷ ሒሳብ ከባድ ቁጥሮችን የሚያሠላለት የራሱ ረዳት ላይብረሪ አለው። ረዳቱ ሲጫን ከፓይተን ላይብረሪ ውስጥ የሚፈልጋቸውን ስሞች እየጠራ ይፈልጋል። ፓይተን አሁን ተጭኗል፤ ስሞቹም በውስጡ አሉ። ታዲያ ረዳቱ ለምን አያያቸውም? ላይብረሪ ሲጫን ስሞቹን ለሌላው ሁሉ ክፍት ማድረግም፣ ለጫነው ፕሮግራም ብቻ ዘግቶ ማስቀመጥም እንደሚቻል ታውቃለች። እዚህ የተዘጋ ነገር አለ። ማን ዘጋው? የዋናውን ፕሮግራም ጽሑፍ ከፍታ ላይብረሪው የሚጫንበትን መስመር ፈለገች። አገኘችው። ‹ለብቻ› ይላል። ከጎኑ ቀኑ ተጽፏል፣ የጸሐፊው ስም ምሕጻርም። የራሷ ነው።

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ችኩሉ የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ፤ እሷ ግን እየሳቀች ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ራሷ በጻፈችው አንድ ቃል ነው ይኸ ሁሉ ጉድ። አሮጌው ሰርቨር ላይ ዋናው ፕሮግራም ሲሠራ ከላይብረሪው ጋር በሌላም በኩል ተያይዞ ስለነበር ስሞቹ በዚያ በኩል ይታዩ ነበር፤ ስሕተቷም ተሸፍኖላት ኖረ። አዲሱ ላይ ያ ማያያዣ ቀረ፤ የተደበቀው ወጣ። ‹ለብቻ› የሚለውን አጥፍታ ‹ለሁሉም› አለችው። ፕሮግራሙን ከምንጩ እንደገና ሠራችና አስነሣችው። ለጥቂት ሰከንድ ስክሪኑ ጭጭ አለ። ከዚያ ቁጥሮቹ መውረድ ጀመሩ፤ ሰፈር በሰፈር፣ ሰዓት በሰዓት፣ ኮረብታው ከአሥር እስከ አንድ ሰዓት ተኩል።

ኃላፊው ስድስት ሰዓት ላይ ወርዶ መጣ። ከኋላው ሻጩ አለ፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን የታቀፈ ሰው። ጠጋኟ ነገሩን በአጭሩ ነገረችው። ኃላፊው ቁጥሮቹን አየ፣ አገጩን አሸ።

«ቁጥር ማውጣቱ ትክክል ነው ማለት አይደለም» አለ። «ሁለት ቀን የሞተ ነገር ነው። ልክ ነው ብሎ ማን ይፈርማል? እኔ በበኩሌ አልፈርምም።»

«የሒሳቡ ባለቤት መጥተው ቢፈርሙስ?»

«እሳቸው?» ፈገግ አለ። «እሳቸውማ እዚህ ድርሽ አይሉም።»

«ከመጡ ግን ይቀበላሉ?»

«ከመጡ... እንግዲህ...»

«ጠዋት በርዎ ገርበብ ብሎ ነበር» አለች ጠጋኟ ቀስ ብላ። «ማን መጥቶ ይከራከረኛል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይዣቸው እመጣለሁ።»

ኃላፊው አፉን ከፈተና ሻጩን አየ፤ ሻጩ መስኮቱን፣ የመንገደኞቹን ጫማ ያያል። እሷ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ አጎቷ ወጥ ቤት ቆመው ድንች ይልጣሉ። በምሳ ሰዓት መጥታ ስለማታውቅ ቢላዋቸውን እንደያዙ ዞሩ።

«አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ። ሒሳብዎ ቅዳሜ ቆሞ ነበር።»

ከስምንት ወር ወዲህ ስለ ሥራ ስታነሣባቸው የመጀመሪያዋ ነው። አጎቷ ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ እጃቸውን በፎጣ ጠረጉ፤ ፎጣውን አጣጥፈው ሰቀሉ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አንድም ጊዜ ቀና አላሉም።

«ሒሳቡ ነው የቆመው ወይስ የሚጠራው?»

«የሚጠራው። ስሕተቱም የእኔ ነበር፤ አስተካክዬዋለሁ። ቁጥር እያወጣ ነው። ልክ መሆኑን ግን እርስዎ ካልመሰከሩለት አሥር ሰዓት ላይ ያጠፉታል።»

«ያጥፉታ። አያስፈልጉም ተብዬ የወጣሁበትን በር ተመልሼ ላንኳኳ ነው?»

ጠጋኟ ልትለማመጣቸው አልሞከረችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና አዋላጇ ያለችውን ከነቁጣው ነገረቻቸው። አምስቱን ሴቶች፣ በምጥ ላይ ያሉትን ሦስቱን፣ ከመኪና የተገዛውን ውሃ።

«ኮረብታው ሁለት ቀን ሙሉ አላገኘም?»

«አንድ ጠብታ አላገኘም።»

ከምድጃው ላይ ድስቱን አወረዱ። «ጃኬቴን አቀብይኝ» አሉ።

አውቶቡሱ ውስጥ ተቃቅፈው እንደሚሄዱ ሰዎች ተጠጋግተው ቆሙ፤ ሰው ስለሞላ እንጂ ወደው አይደለም። አራተኛው ፌርማታ ላይ አጎቷ «ማጠራቀሚያው ዛሬ ስንት ነው?» አሉ። «ስድስት ሜትር ከሰባ» አለቻቸው። ከዚያ እስኪወርዱ ድረስ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ፣ ጣታቸው የመያዣውን ብረት መታ መታ ሲያደርግ ታያለች።

መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ሰላም ካላቸው በኋላ፣ እያፈረ የእንግዳ ካርድ አንገታቸው ላይ አጠለቀላቸው። አጎቷ ካርዱን ገልብጠው አዩት። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ተረኛዋ ሁለቱንም ስልኮች ዘግታ አቀፈቻቸው። እሳቸው ለኃላፊው አንገታቸውን ብቻ ሰበር አደረጉና ወረቀትና እርሳስ ጠየቁ።

«እኔ ስል ማሽኑን ትጠይቂዋለሽ፤ እኔ ሳልጨርስ እንዳትጠይቂው» አሏት ጠጋኟን። «ማጠራቀሚያው አምስት ሜትር ቢሆን፣ ሦስተኛው ፓምፕ ቢቆም፣ ኮረብታው ስንት ያገኛል?» ጎንበስ ብለው አሠሉ፤ እርሳሱ ወረቀቱን ሲጭር ይሰማል። መልሱን በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉና አጥፈው ለሻጩ ሰጡት። «አንተ ያዘው፤ ከሁላችንም ይበልጥ የምትጠራጠረው አንተ ነህ።» ጠጋኟ ለማሽኑ አስገባች። ሦስት ሰዓት ከሃያ አለ። ሻጩ ወረቀቱን ገለጠው፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ለሁለተኛው ጥያቄ ሦስተኛው ፓምፕ እንደቆመ ሆኖ የወንዙ ዳር ሰፈር ላይ ቧንቧ ፈነዳ ብለው አሰቡ፤ ያም ገጠመ። ችኩሉ በደስታ ተረኛዋን በክርኑ ጎሸማት።

ሦስተኛው ላይ ሁሉም ፓምፕ በሙሉ ጉልበት ቢሠራ ብለው ጠየቁ። ማሽኑ አራት ሰዓት ከአርባ አለ። የሻጩ ወረቀት አራት ሰዓት ከአሥር ይላል። ኃላፊው ሰዓቱን አየ፤ ዘጠኝ ተኩል። ጠጋኟ፣ ጠዋት የሳቀው ሰው አሁን እንደገና ሊስቅ ነው ብላ አሰበች። አጎቷ ግን አልተረበሹም። መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ፤ ያሠሉበትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች በእርሳሱ ጫፍ እየነኩ ተከተሉት፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ሦስተኛው ፓምፕ ተቀይሯል እንዴ?»

«ባለፈው ወር» አለች ተረኛዋ። «አዲሱ ጉልበታም ነው። ጉልበቱንም ማሽኑ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ አጎቷ። «እኔ ያሠላሁት በአሮጌው ፓምፕ ነው፤ ስምንት ወር ቤቴ ነበርኩ። ማሽኑ ልክ ነው። ወረቀት አምጡ፣ እፈርማለሁ።»

ሻጩ የያዘውን ወረቀት እያገላበጠ «ይህን ልውሰደው?» አለ። ሁሉም ዞረው ሲያዩት «ቢሮ ላሉት ላሳያቸው ብዬ ነው» ብሎ አጎንብሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። አጎቷ ፈረሙ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠርጎ ለቦርዱ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ሲያጉተመትም ጠጋኟ ሪፖርቱን አስቀድማ ጽፋው ነበርና ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት። ፋይሉ የነበረበት አድራሻ አለመጻፉን፣ ከአራት ዓመት በፊት የተጻፈችውን አንዷን ቃል፣ የጻፈችውም እሷ መሆኗን ይላል።

«ጥፋቱን በራስሽ ላይ ልትጽፊ?»

«የእኔ ስለሆነ ነው። ሥራዬን ማረም አላፍርበትም። የእሳቸው ሒሳብ ላይ ግን ያረጀ የሚል አንድ ቃል እንዳይጻፍ። ያኔ ዝም ብያለሁ፤ ዛሬ ዝም አልልም።»

አጎቷ የእርሳሱን ጫፍ ያዩ ነበር። ቀና አሉና አዩዋት፤ ከዚያ ስብሰባ ወዲህ እንዲህ አይተዋት አያውቁም። ኃላፊው ሪፖርቱን እስከ መጨረሻው አነበበ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በቀለለለት በኩል የሚሄድ ሰው ነው። አሁን ደግሞ ቀላሉ መንገድ ይኸኛው ሆነለት። «በዚሁ ይሂድ» አለ።

አሥር ሰዓት ላይ ማንም ሳይነካው የኮረብታው ቫልቭ ምልክት ስክሪኑ ላይ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ዞረ። ውሃው ሽቅብ እስኪወጣ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ማንም ከክፍሉ አልወጣም፤ ኃላፊው እንኳ የሻይ ብርጭቆዎቹን ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የግፊቱ ቁጥር አንድ አንድ እያለ ወጣ፣ ቆመ፣ እንደገና ወጣ። ስልኩ ሲጮህ ተረኛዋ ሁሉም እንዲሰማ አደረገችው። መጀመሪያ የተሰማው የአዋላጇ ድምፅ አልነበረም፤ ባልዲ ውስጥ የሚንዶቆዶቅ ውሃ ነበር።

«መጣ!» አለች አዋላጇ። «እጄን ልታጠብበት፤ ደህና ሁኑ!» ስልኩ ተዘጋ።

ሲወጡ ኃላፊው ደረጃው ሥር ደረሰባቸው። አዲሱ ፓምፕም ሌላውም ነገር እየተቀየረ ነው፤ ሒሳቡን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ ለሦስት ወር ያህል እየመጡ ሁለት ሰው ቢያሠለጥኑልን አላቸው። አጎቷ «አስብበታለሁ» ብለው የእንግዳ ካርዱን ለዘበኛው መልሰው ወጡ።

አውቶቡስ አልጠበቁም፤ በእግር እንሂድ ያሉት እሳቸው ናቸው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ሱቆቹ ግን መብራታቸውን ገና አላበሩም። ጠጋኟ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ስብሰባው ላይ... ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። እኔንም ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ።»

አጎቷ እርምጃቸውን ሳይቀንሱ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሄዱ።

«አውቄያለሁ» አሉ። «መፍራትሽ አልነበረም የከነከነኝ። ማታ ቤት ስትገቢ ፈራሁ ብትዪኝ ምን ነበረበት? ስምንት ወር ሙሉ ከአፍሽ ስጠብቅ ከረምኩ።»

«እርስዎስ ለምን አልጠየቁኝም?»

«እኔም ፈርቼ ነዋ!»

«ምን ፈርተው?»

«‹እውነታቸውን ነው፣ ሥራዎ አልፎበታል› ብለሽ እንዳትነግሪኝ።»

ጠጋኟ መንገድ ላይ ቆመች። ሳቅም ዕንባም አንድ ላይ መጣባትና የትኛውን ማስቀደም እንዳለባት ግራ ገባት። አጎቷ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው ጠበቋት፤ ስትደርስባቸው ክንዷን ይዘው መንገዱን አሻገሯት፣ ልጅ ሳለች ያሻግሯት እንደነበረው። የአፓርታማቸው ደረጃ አጠገብ ሲደርሱ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም አሉ።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?»

«አንድ ተኩል።»

«ቀስቅሺኝ» አሏት፤ ቀድመዋት መውጣት ጀመሩ።